በባዕድ አገር የቀረው ልዑል



በዚህ መጽሔት በየዓመቱ የምናስባቸው ሙታን የየሠፈራችን ሰዎች ናቸው። ዘንድሮ ግን ወገን ሳይቀብረው ስለቀረ አንድ የአገራችን ልጅ ልንጽፍ ወደድን። የወሰደው በሽታ የሳንባ ምች ነው ይባላል።

ይህ በሽታ ትልቅ ትንሽ አይልም። የሩሲያው ደራሲ ቶልስቶይ በ82 ዓመታቸው ሌሊት ከቤታቸው ወጥተው በባቡር ሲሄዱ ሳንባቸውን ታመሙና አስታፖቮ በሚባል ጣቢያ፣ በጣቢያው ሹም ቤት፣ ኅዳር 1903 ዓ.ም. አረፉ። እሳቸውስ አስከሬናቸው ወደ ርስታቸው ተመልሶ በተመኙት ቦታ ተቀበሩ። የልዑል ዓለማየሁ ግን ሌላ ነው። (ልዑልን አንቱ ማለት ይገባ ነበር፤ ግን በ18 ዓመቱ ስለሞተ እንደ ልጃችን እንጠራዋለን።)

አባቱ ዓፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲሠዉ ልጁ ገና ሰባት ዓመት ሊሞላው ነው። የእንግሊዝ ጦር ከዘረፈው ቅርስ ጋር እናትና ልጁን ይዞ ወደ ባሕሩ ሲጓዝ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤም ትግራይ ላይ አረፉ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ አባትም እናትም አጣ ማለት ነው። ማን አለቀሰለት?

እንግሊዝ አገር እኛ ዘንድ ባሻ ፈለቀ የተባለው ካፒቴን ስፒዲ፣ አማርኛ የሚያውቅ ሰው፣ ያዘው። ንግሥት ቪክቶሪያም ወደዱት። ኋላ ግን መንግሥታቸው ከስፒዲ ለይቶ ለትምህርት ቤት ሰዎች ሰጠው። ራግቢ ተማረ፤ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ፤ አልተመቸውም።

ከዚያ ሊድስ ከተማ መምህሩ ቤት ሳለ ታመመ። ሐኪሞቹ የሳንባ ሽፋን ብግነት አሉት፤ ብዙ ጸሐፊዎች የሳንባ ምች ይሉታል። ፔኒሲሊን ለሕዝብ የደረሰው ከዚያ 60 ዓመት አልፎ ነውና መድኃኒት አልነበረም። ተመርዣለሁ ብሎ ጠርጥሮ መታከም እምቢ ማለቱም ተጽፏል። እኛ አንፈርድበትም፤ ያለ ዘመድ የታመመ ሰው ምን ያምናል? ኅዳር 5 ቀን 1872 ዓ.ም. ሞተ። በንግሥቲቱ ፈቃድ ዊንድሰር ቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት አጠገብ ተቀበረ፤ በመታሰቢያ ሰሌዳውም እንግዳ ስለመቀበል የሚናገር የማቴዎስ ወንጌል ቃል አለበት።

ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በ1999 ዓ.ም. አጽሙ እንዲመለስ ጠየቁ። በ2015 ዓ.ም. የቤተ መንግሥቱ መልስ፣ የእሱን ለማውጣት በአካባቢው ያረፉትን ሌሎች ብዙ ሙታን መረበሽ ይሆናል የሚል ነበር። እኛ የቀብር ሰዎች ነንና ይህን መልስ በቀላሉ አንንቀውም። አጽም ከአጽም የተደራረበበት ግቢ ምን እንደሚመስል እናውቃለን። ነገር ግን በየቤተ ክርስቲያናችን አጽም ሲፈልስም አይተናል፤ ቀስ ተብሎ፣ በቄስ ፊት፣ በእጅ እየተለቀመ ይወጣል።

መስከረም 2016 ዓ.ም. ከስፒዲ ቤተሰብ እጅ የቆየ የዓለማየሁ ጸጉር ለንደን ላይ ለኢትዮጵያ ተሰጠ። አንዲት ቁንጮ ናት።