አሮጌ ጨዋታ በአዲስ ልብስ

ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መታሰቢያ በሚታተመው በዚህ መጽሔት የታሪኩን ዐምድ እንድናዘጋጅ በታዘዝን ጊዜ፣ ጓደኞቻችን ስለ ዐድዋ ጦርነት ወይም ስለ አክሱም ሐውልት የምንጽፍ መስሏቸው ነበር። የመረጥነው ርእስ ስለ ቪዲዮ ጨዋታ መሆኑን ሲሰሙ ግን ሳቁብን። እኛም አልተቀየምናቸውም፤ ጨዋታና ቁም ነገር በአንድነት ሲነሡ ማየት አልተለመደምና። ይሁን እንጂ አንባቢ ጥቂት ቢታገሠን፣ ነገሩ ከታሪክ የራቀ አለመሆኑን ለማስረዳት እንሞክራለን።

በአምቦ ከተማ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ልጅ የጠፋበት ወላጅ አስቀድሞ የሚፈልገው በፕሌይስቴሽን ቤት ነው። በጉደርም ሆነ በጊንጪ፣ በጌዶም ሆነ በባኮ ነገሩ ያው ነው። በእነዚህ ቤቶች የሚበዛው የኳስ ጨዋታ ሲሆን፣ ኮምፒዩተር ያላቸው ደግሞ በፍላሽ እየተገለበጡ ከታላቅ ወንድም ወደ ታናሽ ወንድም የተላለፉ የቆዩ ጨዋታዎችን ይጫወታሉ። ባለፈው ክረምት ከመካከላችን የአንዱ ታላቅ ወንድም ከአዲስ አበባ ሲመጣ፣ እኛ በአሮጌ መልኩ የምናውቀውን አንድ ጨዋታ ታድሶ በወጣበት እትም ይዞልን መጣ። ወዲያውም ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቹ «ያው ነው፤ ቀለም ብቻ ነው የተቀባው» ሲሉ፣ ሌሎቹ «ከእንግዲህ አሮጌውን ማን ይነካዋል!» አሉ። በአጠገባችን ሆነው ሲያዳምጡ የነበሩት የጓደኛችን አባት «እናንተ ልጆች፣ ለመሆኑ የጎጆ ክዳን ሲለወጥ ጎጆው ሌላ ጎጆ ይሆናል እንዴ?» ብለው ጠየቁን። በዚያን ሰዓት የሚመልስላቸው አልተገኘም። ይህ ጽሑፍ ለእርሳቸው ጥያቄ መልስ ለመስጠት የተደረገ ሙከራ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የታደሰ እትም ማለት ምን እንደሆነ መግለጽ ይገባል። የጨዋታው ሕግና ታሪክ እንዳለ ሆኖ ሥዕሉ በጥራት እንደገና ሲሣል፣ ድምፁ ሲጠራ፣ በዛሬ መሣሪያ ላይም እንዲሠራ ሲስተካከል ጨዋታው ታደሰ ይባላል። አንዳንድ ጊዜ አዲስ ምዕራፍ ይጨመርበታል። ፋብሪካዎቹ ይህን የሚያደርጉበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ አሮጌው መሣሪያ እየጠፋ ሲሄድ ጨዋታውም አብሮት እንዳይጠፋ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሰው አስቀድሞ የወደደውን ነገር መልሶ መሸጥ አዲስ ከመፍጠር ስለሚቀል ነው። ስለዚህ ከእድሳት ሥራ ውስጥ ፍቅርም ንግድም እንዳለበት አንርሳ።

አሮጌውን ማደስ ለአምቦ ልጆች እንግዳ ነገር አይደለም። ከከተማችን አጠገብ በቦዳ በ1928 ዓ.ም. የተወለዱት ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ ገና በአምቦ ተማሪ ሳሉ የጻፉት ቲያትር ስለ ንጉሥ ዳዮኒስዮስና ስለ ሁለቱ ወንድማማቾች ነበር። ዳዮኒስዮስ የጥንት የሰራኩስ ገዥ ስም ነው። ከዚያም በኋላ የሼክስፒርን «ኦቴሎ»፣ «ማክቤዝ» እና «ሐምሌት» ወደ አማርኛ መልሰዋል። ሼክስፒርም ራሱ የሐምሌትን ታሪክ ከእርሱ በፊት ከነበረ የዴንማርክ ትረካ የወሰደው እንጂ ከልቡ ያፈለቀው አልነበረም። እንግዲህ አሮጌ ነገር በአዲስ ልብስ መምጣቱ ብቻውን ነውር አይደለም። ጥያቄው ልብሱ ለአካሉ ይስማማል ወይ? የሚለው ነው።

አሁን ወደ ተከራከርንበት ጨዋታ እንመለስ። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት የጨዋታዎቹ ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ስሙ ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ቁጥር ሁለት ይባላል፤ በአማርኛ «የመንግሥታት ዘመን» ብንለው ያስኬዳል። ኢንሴምብል ስቱዲዮስ የተባለው የአሜሪካን ድርጅት ሠርቶ በ1999 አወጣው። ተጫዋቹ ገበሬ አሰማርቶ፣ እንጨትና ድንጋይ ሰብስቦ፣ ከተማ ሠርቶ፣ ጦር አደራጅቶ ከጎረቤቱ ጋር ይወዳደራል። በመጀመሪያው እትም የተካተቱት 13 ሕዝቦች ነበሩ፤ ከእነርሱም ውስጥ ብሪታንያውያን፣ ፍራንኮች፣ ቢዛንታይኖች፣ ፋርሶች፣ ቻይናዎች፣ ጃፓኖችና ሞንጎሎች ይገኛሉ። በሚቀጥለው ዓመት 5 ተጨመሩ። ከሰሐራ በስተ ደቡብ ካለው የአፍሪካ ምድር ግን አንድም ሕዝብ አልነበረበትም። ጨዋታው የመካከለኛውን ዘመን አሳያለሁ ሲል፣ በዚያው ዘመን ላሊበላን የወቀሩት ሰዎች ከመድረኩ ላይ አልታዩም።

ኢንሴምብል በ2009 ተዘጋ። ነገሩ በዚያ ባበቃ ነበር፤ ነገር ግን ጨዋታውን የሚወዱ ሰዎች በየአገራቸው ተቀምጠው፣ ማንም ሳይከፍላቸው፣ «ፎርጎተን ኢምፓየርስ» ማለት «የተረሱ መንግሥታት» የተባለ ተጨማሪ ክፍል ሠርተው በ2012 በነጻ አወጡት። ማይክሮሶፍት በ2013 ጨዋታውን በጠራ ሥዕል ሲያሳትም የእነርሱንም ሥራ ተቀብሎ በይፋ አወጣው። እነዚሁ ሰዎች የተሳተፉበት «የአፍሪካ መንግሥታት» የተባለው ክፍል በ2015 ሲወጣ፣ ከበርበሮችና ከማሊዎች ጋር ኢትዮጵያውያን ገቡ። በ2019 ደግሞ ሁሉም በአንድነት እንደገና ተሥሎ ዛሬ የምናየው እትም ወጣ። አንባቢ ልብ ይበል! አገራችን በአሮጌው ጨዋታ አልነበረችም። የገባችው በእድሳቱ በር ነው።

በዚያ ክረምት ማያ ገጹን ከበን ስንመለከት፣ ገበሬው ሲታዘዝ በአማርኛ መለሰ። የሆንነውን መግለጽ ያስቸግራል። አንዱ ጓደኛችን ደጋግሞ እንዲናገር ብቻ ያንን ገበሬ ያለ ሥራ ወዲያና ወዲህ ሲያመላልሰው ዋለ። ለካስ ሰው በጨዋታም ቢሆን ስሙ ሲጠራ ደስ ይለዋል!

ይሁን እንጂ ደስታ ዓይንን እንዳይጋርድ፣ የታሪክ ተማሪ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። የኢትዮጵያውያን ታላቅ ሕንፃ ሆኖ የሚታየው ቤተ ጊዮርጊስ ነው። በጨዋታው 1000 እንጨት፣ 1000 ድንጋይና 1000 ወርቅ ተከፍሎበት፣ ሠራተኞች ዙሪያውን ከበው እንደ ማንኛውም ቤት ይገነቡታል። እውነተኛው ቤተ ጊዮርጊስ ግን አልተገነባም፤ ከአንድ ቋጥኝ ከላይ ወደ ታች ተፈለፈለ እንጂ። ዓለምን ያስደነቀውም ይኸው ነው። እንዲሁም ጨዋታው የዮዲትን ታሪክ በተከታታይ ምዕራፎች ያቀርባል፤ ከአክሱም ተሰድዳ፣ በባዕድ አገር አግብታ፣ ጦር ይዛ ትመለሳለች። ይህ በቃል ከወረስነው ትረካ የተወሰደ ነው። በዘመኑ ከተጻፈው የሚገኘው ግን ጥቂት ነው። በ10ኛው መቶ ዓመት የነበረው ዐረባዊው የምድር ጸሐፊ ኢብን ሐውቀል በሐበሻ ላይ የነገሠች ሴት እንደነበረች ጽፏል። ስለ እስክንድርያ ፓትርያርኮች የተጻፈው መጽሐፍም አንዲት ንግሥት አገሪቱን እንዳጠፋች የሚያመለክት የኢትዮጵያ ንጉሥ ደብዳቤ ይጠቅሳል። የንግሥቲቱ ማንነት ሊቃውንትን እስከ ዛሬ ያከራክራል። አክሱምም የቀይ ባሕር ንግዷን አጥታ መድከም የጀመረችው ከዚያ አስቀድሞ ነው። ጨዋታው እንዲህ ያለውን ክርክር አያሳይም፤ ሁሉንም እርግጥ አድርጎ ይነግራል።

የሦስተኛው ቁጥር ጨዋታ ለእኛ ለምዕራብ ሸዋ ልጆች ከዚህም የቀረበ ነው። እርሱ በ2005 ወጥቶ በ2020 ታደሰ፤ በ2021 ኢትዮጵያውያን ተጨመሩበት። ከሠራዊታቸውም ውስጥ «የኦሮሞ ጦረኛ» የሚባል ፈረሰኛ አለ። አያቶቻቸው በፈረስ ስማቸው ይጠሩ ለነበሩ ለሜጫ ልጆች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም ፈረሰኛው በማያ ገጹ ላይ ሲጋልብ እያየን፣ በዚሁ በዞናችን በኦዳ ቢሲል ጥላ ሥር ሕግ ይወጣ እንደነበር፣ የሜጫም ሕግ አውጭ መኮ ቢሊ በትውልድ አፍ ሲታወስ እንደኖረ አንማርም። የገዳ ሥርዓት በዩኔስኮ መዝገብ የገባው በ2016 በጦሩ ሳይሆን በሕጉና በሥርዓቱ ነው። በዚያው ጨዋታ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በጥቂት ጊዜ ተሠርቶ ብቅ ይላል። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን ያንን መድፍ በጋፋት በሚሲዮን ሠራተኞች እጅ አስቀልጠው፣ ገደል ለገደል በሰው ጉልበት አስጎትተው መቅደላ ያደረሱት በብዙ ወራት ድካም ነበር። መድፉ ዛሬም በዚያ ተራራ ላይ አለ። ጨዋታው ስሙን ይሰጠናል፤ ላቡን ግን አይሰጠንም።

እስካሁን የተናገርነው ስለ መልካም እድሳት ነው። ክፉም አለ። ብዙዎቻችን ከታላላቆቻችን እጅ ያየነው፣ ምንም እንኳ ለልጆች የማይገባ ቢሆን፣ «ጂቲኤ» የሚባለው ጨዋታ አለ። በ2001፣ በ2002 እና በ2004 የወጡት ሦስቱ ክፍሎቹ ታድሰው በአንድነት በ2021 ኅዳር ላይ ወጡ። ሥዕሎቹን ለማጥራት አብዛኛው ሥራ ለማሽን በመተዉ፣ በሱቆች ሰሌዳ ላይ ያሉ ፊደላት ተበላሹ፤ ዝናቡም ሲዘንብ መንገድ ጋረደ። ከሁሉ የሚያስገርመው የጉሙ ነገር ነው። በአሮጌው እትም ሩቁን የሚሸፍን ጉም ነበረ፤ ያ ጉም አገሩን ሰፊ ያስመስለው ነበር። አዳሾቹ ጉሙን ሲገፉት ከአንድ ኮረብታ ላይ ሆኖ ዳር እስከ ዳር ታየ፤ አገሩም አነሰ። በደንዲ ሐይቅ ዙሪያ የጠዋት ጉም ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ጨዋታውን ያወጣው ሮክስታር የተባለው ድርጅት ይቅርታ ጠየቀ፤ ከሽያጭ ያነሣቸውንም የኮምፒዩተር አሮጌ እትሞች መልሶ እንደሚሸጥ አስታወቀ። ጉድለት የመሰላቸውን ሁሉ ያስወገዱ ሰዎች፣ ምሰሶውንም ነቅለው ነበር።

ከዚህ በላይ የእኛን አቅም የሚመለከት ጉዳይ አለ። የ1999ኙ «የመንግሥታት ዘመን» የሚጠይቀው 32 ሜጋባይት ሜሞሪና 200 ሜጋባይት ያህል ቦታ ብቻ ነበር። የ2019ኙ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ሜሞሪና 30 ጊጋባይት ያህል ቦታ ይፈልጋል። ያንን ያህል ከኢንተርኔት ለማውረድ የሚወጣው ገንዘብ ለአንድ ተማሪ ብዙ ነው። በየትምህርት ቤቱ የሚገኙ ያረጁ ኮምፒዩተሮች ደግሞ አሮጌውን ይሸከማሉ፤ አዲሱን አይችሉትም። ስለዚህ አዲሱን ያላገኘ ጓደኛ ምንም እንደቀረበት ሊቈጥር አይገባውም፤ ሕጉ ያው ነው፤ ብልኀቱም ያው ነው።

እንግዲህ ፍርዳችንን እንስጥ። የታደሰ ጨዋታ መጫወት ይገባል ወይ? ለሚለው ጥያቄ መልሳችን በሦስት መመዘኛ የቆመ ነው። አንደኛ፣ አሮጌውን ያስወደደው ነገር አልተነካም ወይ? ሁለተኛ፣ ቀድሞ በደጅ ለቀሩት ሰዎች በር ተከፈተ ወይ? ሦስተኛ፣ አሮጌውን ለሚፈልግ ሰው አሮጌው እንዳለ ቀረለት ወይ? እነዚህን ሦስት ያሟላ ገንዘብም ጊዜም ሊወጣበት ይገባል። በሥዕሉ ጥራት ብቻ የሚመካውን ግን ለባለጠጎች መተው ይሻላል። ጨዋታው ካለቀ በኋላ መጽሐፍ የማያስከፍተን ከሆነም፣ ታድሶም ቢሆን ለታሪክ ተማሪ ትርፉ ትንሽ ነው።

አንድ ነገር ጨምረን እናብቃ። ገበጣ ከማናቸውም ከእነዚህ ጨዋታዎች ይልቅ የቆየ ነው፤ በየሐና በመጠራ ከአክሱም ዘመን የቀሩ የገበጣ ጉድጓዶች በድንጋይ ላይ ተገኝተዋል። ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 ስለ ገበጣ ባሳተሙት ጽሑፍ በየአገሩ ያለውን ልዩ ልዩ አጫዋወት መዝግበዋል። ይህን የሚያድስልን የውጭ ድርጅት መጠበቅ የለብንም። «የመንግሥታት ዘመንን» ከመረሳት ያዳኑት፣ ያለ ደመወዝ የጀመሩት ወዳጆቹ እንደነበሩ አይተናል። በየመንደራችን ገበጣንና የገና ጨዋታን፣ በኦሮምኛም ቅሌን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ገና በሕይወት አሉ። እኛም በመጪው የዕረፍት ጊዜ አያቶቻችንን ጠይቀን፣ የየመንደሩን ሕግ በደብተር ጽፈን ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ለማስረከብ ተስማምተናል። ሥዕሉን ወደፊት ኮምፒዩተር የሚማሩት ታናናሾቻችን ይሥሉለታል።

ለጓደኛችን አባትም መልሳችን ይህ ነው። አባባ፣ ክዳኑ ሲለወጥ ጎጆው ያው ጎጆ ነው። ክዳኑ ሳይለወጥ ብዙ ክረምት ቢያልፍ ግን ዝናቡ ገብቶ ምሰሶውን ያበሰብሰዋል።