ሌሊት የማይዘጋው ሱቅ

ዛሬ የማወራላችሁ መርፌ ሳይዝ ሰፈሩን ሁሉ ስላለበሰ ሰው ነው። ዓመቱን እንደ ፈረንጆቹ እቆጥረዋለሁ፤ ነገሩ የሆነው ኒው ዮርክ፣ ሃርለም ነውና።

ስሙ ዳንኤል ዴይ፤ ሰፈሩ ግን ዳፐር ዳን ይለዋል፣ ዘናጩ ዳን። በ1944 ከድሃ ቤት ተወለደ። ሲጎረምስ ዳይስ ጨዋታ ገባ፤ ገባናም ቁማሩ እንጀራው ሆነ። ደህና ቁማርተኛ መቼም ዳይሱን ብቻ አያይም። ማን ገንዘብ እንዳለው፣ ማን ደግሞ ያለው እንደሚመስል ከሰዉ አለባበስ ያነባል። በ1974 ቦክሰኞቹ ሙሐመድ አሊና ጆርጅ ፎርማን ዛየር ላይ ሊጋጠሙ ነው ሲባል ዳንም ወደ አፍሪካ ተነሣ። ፎርማን ልምምድ ላይ ከዓይኑ በላይ ተሰንጥቆ ግጥሚያው ተራዘመ። ዳን ግን በዚያ ጉዞ ላይቤሪያ ደርሶ ሞንሮቪያ ውስጥ አንድ ልብስ ሰፊ አገኘ፤ የፈለገውን ሞዴል ሲነግረው ሰውየው በልኩ ቆርጦ ይሰፋለታል። ይህ ነገር ልቡ ውስጥ ቀረ።

በ1982 ምሥራቅ 125ኛ ጎዳና ላይ ሱቅ ከፈተላችሁ። ሱቁ ሌሊት አይዘጋም! ሃያ አራት ሰዓት፣ ሰባት ቀን። ለምን ብትሉ ደንበኞቹ ቀን የሚተኙ ናቸው፤ ቁማርተኛ፣ ራፐር፣ ቦክሰኛ፣ ስሙን ጮክ ብለን የማንጠራው የዕፅ ነጋዴም አለበት። መጀመሪያ የፀጉር ኮት ይሸጥ ነበር። አንድ ቀን ታዲያ ከደንበኞቹ የአንዱ ፍቅረኛ ትንሽዬ የሉዊ ቪቶን ቦርሳ ይዛ ገባች። ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ኮቱን ትቶ ቦርሳዋ ላይ ተረባረበ። ዳን ቆሞ አየ። ይህችን ለምታህል ቦርሳ እንዲህ ከሆኑ፣ በላይዋ ያለውን አርማ ከአንገት እስከ ጉልበት ቢለብሱት ምን ሊሆኑ ነው?

መጀመሪያ የጉቺና የሉዊ ቪቶን የልብስ መያዣ ሻንጣ እየገዛ፣ እየቀደደ፣ ጨርቁን በኮት ላይ ያሰፋ ጀመር። ሻንጣ ግን ስንቱን ያለብሳል? ስለዚህ የኅትመት መጻሕፍት አገላብጦ ሲልክ ስክሪን ተማረ። ቀለም በወንፊት መሰል ጨርቅ ውስጥ አሳልፎ አርማውን ቆዳ ላይ ማተም ነው። ወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ ቆዳ ግን ይታጠፋል፣ ይለጠጣል፣ ቀለሙ ይሰነጠቃል። የማይሰነጠቀውን ቀለም እስኪያገኝ ድረስ ሞከረ። ከሴኔጋል የመጡ ሰፊዎች ቀጠረ፤ እነሱ ሌሊቱን ማሽናቸውን ሲያስጮኹት ያድራሉ። ደንበኛው ጥይት የማይበሳው ገበር ካስፈለገው ያስገቡለታል። የመኪና መቀመጫ ሳይቀር በአርማ አልብሰዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሉዊ ቪቶን በዚያን ጊዜ ሻንጣና ቦርሳ ሠሪ ነው። የልብስ ስብስቡን ለመጀመሪያ ጊዜ ያቀረበው በ1998፣ ማርክ ጄከብስ ዲዛይነሩ ሆኖ ነው። ሃርለም ከዚያ ከአሥር ዓመት በፊት ሉዊ ቪቶን ለብሳ ትዞር ነበር! እርግጥ አርማው የሰው ነው፤ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም፤ በሕግ ዓይን ዳን ጥፋተኛ ነበር። የሉዊ ቪቶኑን ልብስ ግን ከማንም አልገለበጠም፤ የሚገለበጠው ልብስ ገና አልተሠራማ።

ማስታወቂያውስ? ሰባራ ሳንቲም አላወጣም። በ1987 የራፕ ጥንዶቹ ኤሪክ ቢ እና ራኪም የመጀመሪያ አልበማቸውን ሲያወጡ ሽፋኑ ላይ የቆሙት ዳን ባሠራላቸው የጉቺ አርማ ጃኬት ነው። ካሴቱ በደረሰበት ሁሉ ጃኬቱም ደረሰ። ዛሬ አንድ ትልቅ ብራንድ አንድን ዘፋኝ እንዲህ ለማልበስ ውል፣ ወኪል፣ ስታይሊስት፣ ወፍራም ቼክ ያስፈልገዋል። ያን ጊዜ ግን ዘፋኙ ራሱ ገንዘቡን ይዞ ሌሊት እየመጣ ተለክቶ ይሄድ ነበር።

እንግዲህ ወደ ክፉው ሌሊት መጣን። 1988፣ ወሩ ኦገስት፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ግድም። የዓለም ከባድ ሚዛን ሻምፒዮኑ ማይክ ታይሰን ያዘዘውን ነጭ የቆዳ ጃኬት ሊወስድ መጣ፤ ጀርባው ላይ የራፕ ቡድኑ የፐብሊክ ኤነሚ ዘፈን ርዕስ የተጻፈበት። ሚች ግሪን የሚባል ቦክሰኛም ታይሰን እዚያ እንዳለ ሰማ። ሁለቱ በ1986 ተጋጥመው ታይሰን በነጥብ አሸንፎታል፤ ግሪን ግን የሚገባኝን ገንዘብ አላገኘሁም ብሎ ቂም ይዟል። ተገናኙ። ተሰዳደቡ። መንገድ ላይ ቡጢ ተጀመረ! ግሪን ዓይኑ ተደፈነ፤ ታይሰን ደግሞ ቀኝ እጁ ተሰበረ። በነጋታው ጋዜጣውም ቴሌቪዥኑም አንድ ጥያቄ ያዘ፤ ሻምፒዮኑ በዚያ ሰዓት ልብስ ሱቅ ውስጥ ምን ይሠራል? ምን ዓይነት ሱቅ ነው በሌሊት የሚሸጠው?

ሃርለም የምታውቀውን ነገር አሁን ሁሉም አወቀው። ሚላኖም ፓሪስም አወቁት። የፋሽን ቤቶቹ ጠበቆች የፍርድ ቤት ትእዛዝ እየያዙ ይመጡ ጀመር፤ ይፈትሻሉ፣ ጃኬቱን ይጭናሉ፣ ማሽኑን ይጭናሉ። ዳን እንደገና ይገዛል፣ እንደገና ይወስዱበታል። ፌንዲ ከሚባለው የፋሽን ቤት ጠበቆች አንዷ ሶንያ ሶቶማዮር ነበረች፤ ኋላ በ2009 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆነችው እሷው ራሷ። ዳን ራሱ ሲያወራው፣ ሶቶማዮር ከተወረሱት ኮቶች አንዱን አየችና ይህ ሰው የሚገባው መሀል ከተማ፣ ከትልልቆቹ ጋር ነው አለች። ብትልም ኮቱ ተወሰደ። በ1992 ሱቁ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ረጅም ዘመን ቶሎ ልለፈው። ዳን ከዓይን ተሰወረ እንጂ ሥራ አልፈታም፤ በጓዳ እያሠራ ሸጠ፣ ቦክሰኛውን ፍሎይድ ሜይዌዘርን ለዓመታት አለበሰ።

በ2017 ሜይ ጉቺ ፍሎሬንስ ከተማ፣ በፒቲ ቤተ መንግሥት ትርኢት አቀረበ። ዲዛይነሩ ያን ጊዜ አሌሳንድሮ ሚኬሌ ነበር። አንዲት ሞዴል የፀጉር ጃኬት ለብሳ ወጣች፤ እጅጌው እንደ ፊኛ የተነፋ፣ እጅጌው ላይ የጉቺ አርማ። ይህን ጃኬት ያየች ዳያን ዲክሰን ክው አለች። ዲክሰን በ1984 ሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ በ4 በ400 ዱላ ቅብብል ወርቅ ያገኘች ሯጭ ናት፤ በሰማንያዎቹ መጨረሻ ዳን እንዲሁ ዓይነት ጃኬት አሠርቶላት ነበር። የዚያን ጊዜው የእጅጌ አርማ የሉዊ ቪቶን፣ የአሁኑ የጉቺ፤ ሌላው አንድ ነው። አሮጌውን ፎቶዋንና አዲሱን ጎን ለጎን አድርጋ ኢንስታግራም ላይ ለጠፈች፤ ለባለቤቱ እውቅናውን ስጡት አለች።

ጉድ ፈላላችሁ! የሰው አርማ ወስደሃል ተብሎ ሱቁ የተዘጋበትን ሰው ጉቺ ራሱ ወሰደበት። ጉቺ ለዳን ክብር ብለን ነው የሠራነው ሲል መለሰ። ክብር ከሆነ ከትርኢቱ በፊት አንድ ስልክ መደወል ምን ያህል ይከብድ ነበር? ለማንኛውም ደወሉ፤ ዘግይተው ቢሆንም። በዚያው ዓመት ዳን በጉቺ የወንዶች ሱፍ ማስታወቂያ ላይ ታየ፤ በ2018 መጀመሪያ ደግሞ ሃርለም ውስጥ፣ በቀጠሮ ብቻ የሚሠራ የስፌት ቤት ከጉቺ ጋር ተከፈተለት። ጨርቁና አርማው በሕጋዊ መንገድ ከጣሊያን ይላክለት ጀመር።

ሰርጉ ግን ዓመት አልፎት ብዙም ሳይቆይ ተበጠበጠ። በ2019 ፌብሩዋሪ ጉቺ አፍንጫ ድረስ የሚሸፍን ጥቁር ሹራብ ሸጦ ተገኘ፤ በአፉ ቀዳዳ ዙሪያ ወፍራም ቀይ ከንፈር አለበት። ነጮች ፊታቸውን ጥቁር ቀብተው ጥቁሮችን የሚያላግጡበትን አሮጌ ትያትር የሚያውቅ አሜሪካዊ ያን ሹራብ አይቶ ዝም አይልም። ራፐሩ ቲ.አይ. ለሦስት ወር ጉቺ አንግዛ አለ። ሁሉም ዞሮ ዳንን አየ፤ ትቆያለህ ወይስ ትወጣለህ? ዳን ከብራንድ በፊት ጥቁር ሰው ነኝ ብሎ በአደባባይ ጻፈ፤ የወቅቱን የጉቺ ዋና ሥራ አስኪያጅ ማርኮ ቢዛሪንም ሃርለም ድረስ ና አለው። መጣ። ድሮ ጠበቃ ይላክበት የነበረ ሰው አሁን አለቃውን አስጠራ፤ ከሃርለም ሰዎችና ከባለሙያዎች ጋር አንድ ጠረጴዛ አስቀመጠው። በማርች ጉቺ ለማኅበረሰብ ሥራዎች 5 ሚሊዮን ዶላር፣ ለተማሪዎች ስኮላርሺፕ 1.5 ሚሊዮን ዶላር መድቤያለሁ ብሎ አስታወቀ። ለእንዲህ ያለ ባለጸጋ ቤት ይህ ኪስ ውስጥ ያለ ፍራንክ ነው ያሉ አልጠፉም፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ።