ውኃ ልክና ሌንስ፦ የሰፊ ማዕዘን ፎቶግራፍ እንደ ታሪክ ማስረጃ



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ለፎቶግራፍ አንሺዎች ብቻ የተተወ ይመስላል። እጅግ ሰፊ ማዕዘን ባለው ሌንስ በተነሣ ሕንፃ ላይ ግድግዳዎች ወደ ውስጥ ሲያዘነብሉ፣ ምሰሶዎች ሲያጋድሉ እናያለን። ብዙዎቻችን ጥፋቱን ለሌንሱ እንሰጣለን። የነገሩን ሥር ለማግኘት ግን ወደ 19ኛው ክፍለ ዘመን መመለስ ይበጃል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1858 አልብሬክት ማይደንባወር የተባለ ወጣት ጀርመናዊ የሕንፃ ባለሙያ የቬትስላርን ካቴድራል ይለካ ነበር። ከፍ ካለ ቦታ ላይ ሆኖ ሲለካ ከመውደቅ ለጥቂት ተረፈ። ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ በልቡ አደረ፦ ሕይወትን ለአደጋ አጋልጦ ግድግዳውን ከመለካት ይልቅ የግድግዳውን ፎቶግራፍ መለካት አይቻልምን?

መልሱ በጂኦሜትሪ ውስጥ ነበር። ፎቶግራፍ ከአንድ ነጥብ የታየ የዕይታ ሥዕል ነው። ካሜራው የቆመበት ቦታ፣ የሌንሱ ርቀትና የምስሉ መሃል ከታወቁ ከሥዕሉ ተነሥቶ ወደ ሕንፃው ልክ መመለስ ይቻላል። ስሌቱ ቀላል የሚሆነው ግን የምስሉ ሰሌዳ እንደ ቱንቢ ቀጥ ብሎ ሲቆም ነው። ስለዚህ የማይደንባወር ካሜራ በውኃ ልክ ይስተካከል፣ መሃሉም በመስቀለኛ መስመር ይታወቅ ነበር። በጠባብ መንገዶች መካከል ወደ ኋላ ለመራቅ ስለማይቻል ሰፊ ሌንስ አስፈለገው። በ1867 የተጠቀመበት የኤሚል ቡሽ ፓንቶስኮፕ ወደ 105 ዲግሪ ያያል፤ ይህም በዛሬው ባለ 35 ሚሊ ሜትር ካሜራ ከ16 ወይም ከ17 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጋር ይቀራረባል። በዚያው ዓመት «ፎቶግራሜትሪ» የሚለው ቃል ለኅትመት በቃ። በ1885 ደግሞ የፕሩሲያ መንግሥት ቅርሶችን በዚህ ዘዴ የሚመዘግብ ተቋም በበርሊን አቋቋመ።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እንማራለን።

አንደኛ፣ ግድግዳውን የሚያጋድለው የካሜራው ቀና ማለት ነው። ሰሌዳው ከግድግዳው ጋር ትይዩ እስከሆነ ድረስ፣ ሌንሱ የቱንም ያህል ቢሰፋ፣ ቀጥ ያለው ቀጥ እንዳለ ይቀራል።

ሁለተኛ፣ ካሜራው በውኃ ልክ ሲስተካከል አድማሱ በምስሉ መሃል ይወድቃል፤ ግማሹን ምስል መሬት ይይዘዋል። ካሜራውን ሳያጋድሉ ሌንሱን ብቻ ወደ ላይ ማንሣት የሚቻልበት መሣሪያ የተሠራው ለዚህ ነው። እርሱ የሌለው ሰው ከፍ ያለ መቆሚያ ይፈልጋል፤ ያ ካልተገኘም ትርጉም ያለው ወለል መርጦ ያስገባል፣ ወይም የማይጠቅመውን ከሥር ይቆርጣል።

ሦስተኛ፣ ጠርዝ ዋጋ ያስከፍላል። ከመሃል 45 ዲግሪ የራቀ ድቡልቡል ነገር ርዝመቱ ከወርዱ 1.4 እጥፍ ሆኖ ይለጠጣል። ስለዚህ የሰው ፊትና ክብ ዓምድ በማዕዘን ላይ አይቀመጡም።

ይህ ታሪክ ከአገራችን ጋር የቀጥታ ዝምድና አለው። በ1906 አክሱምን ያጠናው የጀርመን ጉዞ አባል የነበረው ቴዎዶር ፎን ሉፕከ፣ የሕንፃ ባለሙያና የፎቶግራፍ ሰው ሲሆን፣ ኋላ በበርሊን የማይደንባወርን ተቋም ወራሽ መርቷል። የጉዞው ውጤት በ1913 በአራት ቅጾች ታተመ።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ልምጣ። በአክሱም ሳይወድቅ የቆየው፣ 23 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ሐውልት በመጠኑ አዘንብሏል። ካሜራችንን ቀና አድርገን ካነሣነው፣ የሐውልቱን ዘንበል ማለት ከካሜራው ዘንበል ማለት በምን እንለየዋለን? ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚመጣው ተመራማሪ «ጨምሯል ወይስ አልጨመረም?» ብሎ ሲጠይቅ ፎቶግራፋችን ምን ይመሰክራል? በላሊበላም በቤተ ጊዮርጊስ ዙሪያ ያለው ቦይ ጠባብ ስለሆነ ከግርጌው ለሚያነሣ ሰው ሰፊ ሌንስ ግድ ነው፤ ፈተናውም ያው ነው።

ዛሬ በየኪሳችን ያለው ስልክ ሰፊ ሌንስ አለው። አንዳንዱም የተጋደለውን መስመር በራሱ ያቃናል። ለዓይን ያማረ ይሆናል፤ ነገር ግን በእውነት ያጋደለውንም አብሮ ሊያቃናው ይችላል። ስለዚህ ተማሪዎቼን የምለምነው ይህንን ነው፦ ቅርስ ስትመዘግቡ ካሜራውን በውኃ ልክ አስተካክሉ፤ የቆማችሁበትን ቦታና የሌንሱን ልክ ጻፉ፤ ያልተነካካውን ምስል አኑሩ። ማቃናት ከተፈለገ በቅጂው ላይ ይደረግ።