ስሙ «መወሰኛ»፣ ወሳኙ ሌላ

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን ሁለት ምክር ቤቶችን አቋቋመ፤ የሕግ መምሪያና የሕግ መወሰኛ። አንባቢ ሆይ፣ ስሞቹን ልብ በል! ኋላ ሕዝብ የሚመርጠው ቤት «መምሪያ»፣ ንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙት ቤት «መወሰኛ» ተባለ።

የመወሰኛው አባላት በሚኒስትርነት፣ በዳኝነት ወይም በጦር አለቅነት ያገለገሉ መሳፍንትና መኳንንት ነበሩ። ሹመቱ ክብር ነበረ፤ ነገር ግን ባለ ሀገሩን መኳንንት ከግዛቱ ነቅሎ አዲስ አበባ፣ ከቤተ መንግሥቱ ዓይን ሥር ማስቀመጫም ነበረ። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የመምሪያውን አባላት ምርጫ ለሕዝብ ሰጠ፤ ምርጫውም ከዚያ በኋላ ተካሄደ። የመወሰኛው ወንበር ግን እንደ ቀድሞው የሹመት ሆኖ ቀረ። በሹመት የተቀመጠ ሰው ሿሚውን ሊቆጣጠር እንደምን ይችላል?

የዚህ ዋጋ በመሬት ጥያቄ ታየ። የባለመሬትንና የጭሰኛን ግንኙነት ለማስተካከል የተረቀቀው ሕግ ፓርላማ ቢገባም ሳይጸድቅ አብዮቱ ደረሰ። መስከረም 2 ቀን 1967 ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን አወረደ፤ ሕገ መንግሥቱን አገደ፤ ሁለቱንም ምክር ቤቶች ዘጋ። ኅዳር 14 ቀን ያለ ፍርድ ከተረሸኑት መካከል የመወሰኛው ፕሬዚዳንት የነበሩት ሌተና ጄኔራል ዐቢይ አበበ ይገኙበታል። የካቲት 25 ቀን ደግሞ የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሆነ። ፓርላማው ተከራክሮ ሊያወጣው ያልቻለውን ሕግ፣ ክርክር የማያውቁ ወታደሮች አወጡት።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ሲያረቅቁ አብነት ያደረጓት ጃፓንም የመሳፍንት ምክር ቤት ነበራት። በጦርነት ተሸንፋ፣ በባዕድ ጦር ተይዛ ሳለች እ.ኤ.አ. በ1947 ያንን ቤት ሻረች፤ በምትኩ ግን ሕዝብ የሚመርጠው ላይኛ ምክር ቤት አቆመች። እኛ የተሾመውን ስንሽር የተመረጠውንም አብረን ዘጋን።

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት የተቋቋመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሕገ መንግሥት ይተረጉማል እንጂ ሕግ አያወጣም። ስለዚህ የተወካዮች ምክር ቤት ያወጣውን ሕግ ደግሞ የሚመረምር፣ ወንበሩም ከሕዝብ የመነጨ ሁለተኛ ቤት እስከ ዛሬ አላየንም። ለመወሰኛው ምክር ቤት ያለቀሰ ብዙ ሰው አልነበረም፤ ሊያለቅስለትም አይገባም ነበር። የሚያሳዝነው ቤቱ ባዶ በቀረ ጊዜ፣ በጎደለው ምን እንተካ ብሎ የጠየቀ መታጣቱ ነው።