ክሪኬት ሆኪን የዋጠባት ህንድ

ሆኪ በቆልማማ ዱላ ኳስ እየመቱ ጎል የሚያስቆጥሩበት፣ የእኛን የገና ጨዋታ በእጅጉ የሚመስል ስፖርት ነው። በዚህ ስፖርት በኦሊምፒክ መድረክ የህንድን ወንዶች ቡድን ያህል የነገሠ የለም። ቡድኑ እ.ኤ.አ. ከ1928ቱ የአምስተርዳም ኦሊምፒክ አንስቶ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከተሳተፈችበት የ1956ቱ የሜልቦርን ኦሊምፒክ ድረስ 6 ጊዜ በተከታታይ ወርቅ ወስዷል። በ1948 የለንደን ኦሊምፒክ ታላቋ ብሪታንያን 4 ለ 0 ያሸነፈው አገሪቱ ከእንግሊዝ አገዛዝ ነፃ በወጣች በዓመቱ ነበር። በ1964 እና በ1980 የተገኙት ሲታከሉ የህንድ የሆኪ ወርቅ 8 ይደርሳል።

ይሁን እንጂ ዛሬ ከ1.4 ቢሊዮን በላይ ሕዝብ ባላት ህንድ ስፖርት ሲባል አስቀድሞ የሚታሰበው ክሪኬት ነው። ብዙዎች ምክንያቱን «ሕዝቡ ክሪኬት ስለሚወድ» በማለት ያልፉታል። ፍቅሩ እውነት ነው፤ ሆኖም ይኸው ሕዝብ ሆኪንም ይወድ ነበር። ሚዛኑን ያዛቡት ሜዳ፣ ቴሌቪዥንና ገንዘብ ናቸው።

የሜዳው ለውጥ

የኦሊምፒክ ሆኪ በ1976 ሞንትሪያል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ሠራሽ ሳር ተካሄደ። በተፈጥሮ ሳር ላይ ኳስ እያንከባለሉ በማታለል የሚታወቁት ህንዶች ፍጥነትና ጉልበት የሚጠይቀው አዲሱ ሜዳ አልተመቻቸውም፤ 7ኛ ሆነው አጠናቀቁ። ሰው ሠራሽ ሜዳ ውድ በመሆኑ በየመንደሩና በየትምህርት ቤቱ ሊነጠፍ አልቻለም። ክሪኬትን ግን ልጆች ዱላና ኳስ ካገኙ በማንኛውም ጠባብ መንገድ ይጫወቱታል።

ሰባት ወራት

በ1982 በህንድ የቀለም ቴሌቪዥን ሥርጭት ተጀመረ። በዚያው ዓመት በዴልሂ በተካሄደው የእስያ ጨዋታዎች የሆኪ ፍጻሜ፣ ህንድ በገዛ ሜዳዋ በፓኪስታን 7 ለ 1 ተረታች። ሰባት ወራት ሳይሞላ፣ ጁን 25 ቀን 1983፣ በካፒል ዴቭ የሚመራው የክሪኬት ቡድን በለንደኑ ሎርድስ ሜዳ የሁለት ጊዜ ሻምፒዮኑን ዌስት ኢንዲስን አሸንፎ የዓለም ዋንጫን አነሳ። አንዱ ስፖርት ሲያሳፍር ሌላው አኮራ፤ ሁለቱንም ሕዝቡ በቴሌቪዥን ተመለከተ።

ስድስት ኳስ፣ አንድ ማስታወቂያ

የክሪኬት አጨዋወት ለንግድ ተመቸ። በየ6ቱ ውርወራ ጨዋታው ለአፍታ ይቆማል። አንድ ቡድን 50 ጊዜ 6 ኳስ በሚቀበልበት የአንድ ቀን ግጥሚያ፣ ሁለቱ ቡድኖች ተደምረው እስከ 100 የሚደርስ የማስታወቂያ ክፍተት ይፈጥራሉ። ሆኪ በአንጻሩ ለረጅም ጊዜ በ35 ደቂቃ ሁለት አጋማሾች ይካሄድ ስለነበር የነበረው ክፍተት የዕረፍት ሰዓት ብቻ ነው። ከ1991 ወዲህ የህንድ ኢኮኖሚ ለገበያ ሲከፈት፣ በ1995 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአየር ሞገድ በመንግሥት በብቸኝነት ሊያዝ እንደማይገባ ሲወስን፣ የማስታወቂያው ገንዘብ ወደ ክሪኬት ጎረፈ።

በማርች 2008 የህንድ ሆኪ ቡድን በታላቋ ብሪታንያ 2 ለ 0 ተሸንፎ ከኦሊምፒክ ውጭ ሆነ፤ ከ1928 ወዲህ ይህ ሲሆን የመጀመሪያው ነበር። በቀጣዩ ወር «የህንድ ፕሪሚየር ሊግ» የተሰኘው የክሪኬት ውድድር ተጀመረ። በ2022 የዚህ ሊግ የ5 ዓመት የሥርጭት መብት ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተሽጧል።

ዋጋው

ህንድ በግል ውድድር የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘችው በ2008 በተኳሹ አቢናቭ ቢንድራ ነው፤ ሁለተኛውን በቶኪዮ በጦር ወርዋሪው ኒራጅ ቾፕራ። በ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ 6 ሜዳሊያ ብታገኝም ወርቅ አልነበረበትም። ክብሩም ገንዘቡን ተከትሏል። በ2014 የአገሪቱን ከፍተኛ ሽልማት በመቀበል የመጀመሪያው ስፖርተኛ የሆነው የክሪኬቱ ሳቺን ቴንዱልካር ነው። በሆኪ 3 የኦሊምፒክ ወርቅ አምጥቶ በ1979 ያረፈው ዲያን ቻንድ ይህን ክብር አላየውም።

ሆኪ ግን አልሞተም። በ2018 የኦዲሻ ክልል መንግሥት የወንዶችና የሴቶች ብሔራዊ ቡድኖች ስፖንሰር ሆነ። በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ወንዶቹ ጀርመንን 5 ለ 4 አሸንፈው ከ41 ዓመት በኋላ ነሐስ አገኙ፤ ሴቶቹ 4ኛ ወጡ። በፓሪስም ወንዶቹ ነሐሱን ደገሙት። ክሪኬትን ሳይነኩ፣ ለሌላው ስፖርት ቋሚ በጀትና ሜዳ በመስጠት ብቻ የመጣ ውጤት ነው።

ጉዳዩ እኛንም ይመለከታል። ኢትዮጵያ የኦሊምፒክ ሜዳሊያዎቿን በሙሉ ያገኘችው በአትሌቲክስ ሲሆን፣ በየሳምንቱ መጨረሻ ካፌውን የሚሞላው ግን የእንግሊዝ ኳስ ነው። የገና ጨዋታም በዓሉን ጠብቆ በዓመት አንዴ ይታወሳል። የትኛውን ስፖርት እንደምንወድ መምረጥ የእኛ ፈንታ ነው፤ ልጆቻችን ሌላውን የሚሞክሩበት ሜዳ መኖሩ ግን የሚወሰነው በበጀት ነው።