የማሬ የሩጫ ጫማ (አምሳያ)፣ ፈረንሳይ፣ እ.ኤ.አ. 1873

የሰው እግር ምድርን ሲረግጥ የሚያሳርፈው ኃይል ከዓይን የተሰወረ ሆኖ ሳለ፣ ይህን ስውር ኃይል ራሱን በራሱ እንዲጽፍ ለማድረግ ከተጉት ሊቃውንት አንዱ ፈረንሳዊው ጠቢብ ኤትየን ዡል ማሬ (1830–1904) ነው። በጫማው ወፍራም የጎማ ሶል ውስጥ አየር የያዘ ክፍት ቦታ አለ፤ ሯጩ መሬት በረገጠ ቍጥር የተጨመቀው አየር በቀጭን ቧንቧ ሽቅብ ወጥቶ፣ ሯጩ በእጁ ይዞት በሚሮጠው መሣሪያ ላይ ያለውን ስስ ሽፋን ይነፋል፤ ከሽፋኑ ጋር የተያያዘችው መርፌም በጥላሸት በጠቈረና በሚዞር ወረቀት ላይ ነጭ መሥመር ትስላለች። በእርምጃ ጊዜ አንዱ እግር ሳይነሣ ሌላው ሲያርፍ፣ በሩጫ ግን የሁለቱም እግሮች መሥመር አብሮ ዝቅ የሚልበት ቅጽበት አለ፤ ይኸውም ሯጩ ከምድር ፈጽሞ ተለይቶ በአየር የሚሆንበት ነው። ተመርማሪውን ከጠባብ ክፍል አውጥቶ በሜዳ እንደ ልቡ እንዲሮጥ ማድረጉ፣ በእኛ አስተያየት፣ የዚህ ጫማ ታላቅ ጸጋ ነው።

ማሬ ከረዳቱ ከዦርዥ ደመኒ ጋር በ1880ዎቹ በፓሪስ ኃይል የሚመዘግብ መድረክ ሠራ። ከእነርሱ በኋላም ዡል አማር፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ እግራቸውን ያጡ ወታደሮች በሰው ሠራሽ እግር ሲራመዱ ለመመርመር የዚሁ ዓይነት መድረክ አዘጋጀ።