የአባቶች ገበታ በእስራኤል፦ ሙሉ እህል፣ ጥራጥሬና የስኳር በሽታ

ቤተ እስራኤላውያን በ1984 እና 1985 በሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ እስራኤል ሲገቡ፣ ብዙዎቹ ወባ፣ የአንጀት ትላትልና የምግብ እጥረት ነበረባቸው። የስኳር በሽታ ግን እምብዛም አልተገኘባቸውም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። በአገሪቱ የሚገኙ ሐኪሞች ያደረጓቸው ጥናቶች እንዳሳዩት፣ የስኳር በሽታ በማኅበረሰቡ ውስጥ በፍጥነት ተስፋፋ፤ ያውም ብዙ ባልወፈሩ ሰዎች ላይ ጭምር። ዛሬ ስኳር ያለበት ሰው ያለው ቤተሰብ ማግኘት አያስቸግርም።

ደሙና ዘሩ ያው ነው፤ የተለወጠው ኑሮውና ገበታው ነው። ስለዚህ ከአገር ቤት አመጋገብ ምን ይያዝ፣ ምን ይተው፣ እዚህ ካለው ምግብ ጋርስ እንዴት ይጣመር የሚለው የጤና ጥያቄ ነው።

በአገር ቤት ምን ይበላ ነበር?

በጎንደርና በትግራይ ገጠር እንጀራ የሚጋገረው ከጤፍ፣ ከማሽላ፣ ከገብስ ወይም ከዳጉሳ ነበር። እህሉ ከነገለባው ይፈጫል፤ ነጭ ዱቄት ብሎ ነገር አልነበረም። ወጡ አብዛኛውን ጊዜ ሽሮ፣ ምስር፣ አተር ወይም ባቄላ ሲሆን፣ ጎመንም ይጨመርበት ነበር። ሥጋና ዶሮ የበዓልና የእንግዳ ምግብ ናቸው። ለመክሰስ ቆሎና ንፍሮ፣ ለመንገድ በሶ ይያዝ ነበር። ስኳር ውድ ስለነበር በብዙ ቤት ቡና በጨው ወይም እንዲሁ ይጠጣል።

ከምግቡ እኩል ሥራውም መታሰብ አለበት። ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ ማረስ፣ መፍጨት፣ ገበያ ደርሶ መመለስ ሁሉም በእግርና በጉልበት ነበር። በክረምት ጎተራው ሲጎድል የሚበላው ያንሳል። ስለዚህ ያ ሰውነት የበላውን በሙሉ ያቃጥል ነበር።

እዚህ ምን ተለወጠ?

ጤፍ እዚህ ከስንዴ ዱቄት በጣም ስለሚወደድ በብዙ ቤት እንጀራ በነጭ የስንዴ ዱቄት ይደባለቃል፤ አንዳንድ ጊዜ ጨርሶ ከነጭ ዱቄት ብቻ ይጋገራል። መልኩ እንጀራ ነው፤ ሰውነት ውስጥ የሚሠራው ግን እንደ ነጭ ዳቦ ነው። በ100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ 8 ግራም ያህል አሰር (ሰውነት የማይፈጨው የእህል ክፍል) ሲገኝ፣ በነጭ የስንዴ ዱቄት ውስጥ የሚገኘው ከ3 ግራም ያነሰ ነው። አሰር ስኳር ወደ ደም በዝግታ እንዲገባ ያደርጋል፤ ሆድ ድርቀትንም ይከላከላል።

ሁለተኛው ለውጥ መጠጡ ነው። በውኃ፣ በእርጎና በአሬራ ፈንታ ኮላ፣ ፔቴልና የታሸገ ጭማቂ ቤት ገቡ። አንድ የ330 ሚሊ ሊትር ኮላ ወደ 35 ግራም ስኳር አለው፤ ይህም ከ8 የሻይ ማንኪያ በላይ ነው። ሦስተኛው የዱቄት ሾርባ ቅመም ነው። ወጥን ለማጣፈጥ የሚጨመረው ይህ ዱቄት በአብዛኛው ጨው ሲሆን ለደም ግፊት አይበጅም። አራተኛው ደግሞ መቀመጥ ነው፦ አውቶቡስ፣ አሳንሰር፣ ቴሌቪዥን።

ጤፍ ብቻውን መድኃኒት አይደለም

ጤፍ ጥሩ እህል ነው። ቅንጣቱ ደቃቅ ስለሆነ ገለባው ተለይቶ አይወጣም፤ ነጩም ቀዩም ሙሉ እህል ሆኖ ይፈጫል። ፕሮቲን፣ ብረትና ካልሲየም አለው። ሊጡ በእርሾ ሲቦካ በውስጡ ያለው ብረት ለሰውነት ይበልጥ ይመቻል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ቀን ማቡካት የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ይሁን እንጂ ጤፍም እህል ነው፤ ሲበላ ወደ ስኳር ይለወጣል። አንድ ሙሉ እንጀራ ከበርካታ ቁራጭ ዳቦ ጋር ይመጣጠናል። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የዋለ ሰው እንደ አራሽ ሁለትና ሦስት እንጀራ ቢበላ፣ ንጹሕ ጤፍ ቢሆንም ስኳሩ ይወጣል። ማር ሲበዛ ይመራል እንደሚባለው ነው።

የአባቶች ምግብ ሁሉ ይያዝ?

በቅርብ ዓመታት በውጭ አገር «ፓሌዮ» የሚባል፣ የጥንት ሰዎችን አመጋገብ እከተላለሁ የሚል ዘዴ ተስፋፍቷል። እህልና ጥራጥሬን ይከለክላል፤ ሥጋን ያበዛል። አንዳንድ ወጣቶች ይህንን ለወላጆቻቸው ይመክራሉ። የኢትዮጵያ አባቶችና እናቶች ግን ለብዙ ሺህ ዓመታት የኖሩት በእህልና በጥራጥሬ ነው። ከዚህ ዘዴ መውሰድ የሚገባው ስኳርና በፋብሪካ የተቀነባበረ ምግብ መተውን ነው፤ ምስርና ሽሮን መተው ግን አያስፈልግም።

በሌላ በኩል የድሮ ስለሆነ ብቻ ሁሉም ይጠቅማል ማለት አይደለም። ጓያ ለዚህ ምስክር ነው። በድርቅ ጊዜ ብዙ ጓያ ለወራት የበሉ ሰዎች እግራቸው ሽባ ሆኗል፤ ጎንደርና ጎጃም ይህን በሚገባ ያውቁታል። ሽሮ ሲገዛም ጓያ የተቀላቀለበት አለመሆኑን መጠየቅ ተገቢ ነው። ቅቤና ዘይት አብዝቶ መጨመርም ከዱሮው ኑሮ ጋር የሚሄድ እንጂ ከዛሬው ጋር የሚሄድ አይደለም።

ከሱፐር ሲገዛ

የአገር ቤቱን ምግብ የሚመስል ብዙ ነገር በማንኛውም ሱፐር በርካሽ ይገኛል። ምስር አዳሺም፣ ሽምብራ ሑሙስ፣ ባቄላ ፉል ይባላል። ቆስጣ ማንጎልድ ነው። ለዳቦ «ቄማሕ ማሌ» የሚል ዱቄት ሙሉ የስንዴ ዱቄት ነው። ጤፍ ከተወደደ ነጭ ዱቄት ከመቀላቀል ይልቅ ሙሉ ስንዴ፣ የማሽላ ወይም የገብስ ዱቄት መቀላቀል ይሻላል። ዳቦ ቡናማ መሆኑ ብቻ ሙሉ እህል መሆኑን አያረጋግጥም፤ ቀለም ሊጨመርበት ይችላልና ጽሑፉን ማየት ወይም ማስነበብ ያስፈልጋል።

ከጥር 2020 ጀምሮ ስኳር፣ ጨው ወይም ጠንካራ ስብ የበዛበት የታሸገ ምግብ ላይ ክብ ቀይ ምልክት እንዲደረግ በሕግ ታዟል። በደረቅ ምግብ ላይ አሁን ያለው ወሰን በ100 ግራም 10 ግራም ስኳር፣ 400 ሚሊ ግራም ናትራን (ሶዲየም) እና 4 ግራም ጠንካራ ስብ ነው። ዕብራይስጥ ለማያነብ ሰው ቀለሙ ይበቃል፤ ቀይ ክብ ያለበትን መቀነስ፣ ሁለትና ሦስት ያለበትን መተው ነው።

ገበታው እንዴት ይሰናዳ?

የምግብ ባለሙያዎች የሳህኑን ግማሽ አትክልት፣ ሩቡን ጥራጥሬ ወይም ሥጋ፣ ሩቡን እህል እንዲይዝ ይመክራሉ። በእንጀራ ገበታ ላይ ይህ ሊለካ አይችልም የሚሉ አሉ፤ ግን ይቻላል። እንጀራው ከሥር በሙሉ ከሚነጠፍ በጎን ተጠቅልሎ ይቅረብ፤ ለአንድ ሰው ግማሽ ይቆረስ። መሐሉን ጎመን፣ ቆስጣ፣ ጥቅል ጎመን፣ ሰላጣና ምስር ይሙላው። አስቀድሞ አትክልቱንና ምስሩን፣ በኋላ እንጀራውን መብላት የስኳሩን አወጣጥ ያለዝባል።

ወጥ ሲሠራ ሽንኩርትን እንደ ዱሮው በደረቁ ማቁላላትና ዘይቱን በኋላ በትንሹ መጨመር ይቻላል። ጣዕሙን በሾርባ ዱቄት ፈንታ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማና በርበሬ ይሰጡታል። ከቡና ጋር በብስኩት ፈንታ ቆሎ፣ ጥርስ ለሌለው ደግሞ ንፍሮ ይቅረብ። ለሰንበት ዳቦም ግማሹ ዱቄት ሙሉ ስንዴ ቢሆን ማንም አይከፋም።

ቡናና ስኳር

አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው። በአቦል፣ በቶናና በበረካ በእያንዳንዱ ሲኒ ሁለት ማንኪያ የሚጨምር ሰው በአንድ ጊዜ 24 ግራም ይጠጣል። በቀን ሁለት ጊዜ ቡና ከተፈላ 48 ግራም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ እንደሚሻል ይመክራል። ስኳሩን በየሳምንቱ በግማሽ ማንኪያ እየቀነሱ መሄድ ምላስን ያለማምዳል። ቡናው ራሱ ጠላት አይደለም፤ ብረት የሚያንሳቸው ሰዎች ግን ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው ቢጠጡ ይመረጣል።

መድኃኒት ለሚወስዱ

ኢንሱሊን ወይም ስኳርን ኃይለኛ በሆነ መንገድ የሚያወርድ ክኒን የሚወስድ ሰው እንጀራና ዳቦ በድንገት ቢቀንስ ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ራስ ማዞርና ግራ መጋባት ምልክቶቹ ናቸው፤ ወዲያው ጣፋጭ ነገር መውሰድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ገበታውን ከመለወጥ በፊት በኩፓት ሆሊም ሐኪሙን ወይም የምግብ ባለሙያዋን ማነጋገር ይገባል። በዮም ኪፑርና በስግድ ለመጾም የሚያስብ የስኳር ሕመምተኛም አስቀድሞ ሐኪም መጠየቅ አለበት።

ኩማዲን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው የጎመንና የቆስጣ መጠኑን በድንገት ከፍ ዝቅ ማድረግ የለበትም። ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው ደግሞ ስለ ጥራጥሬና አትክልት መጠን ልዩ ምክር ያስፈልገዋል። አብሽና ጥቁር አዝሙድ በምግብ መጠን ቢበሉ ችግር የለም፤ የሐኪሙን ክኒን አቁሞ በእነሱ መተካት ግን አደገኛ ነው።

የስኳር በሽታ ለብዙ ጊዜ ሳያምም ዓይንን፣ ኩላሊትንና እግርን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ «ሄሞግሎቢን ሜሱካር» የሚባለውን የሦስት ወር የደም ምርመራ ማድረግ ያስፈልጋል። ውጤቱ ከ5.7 በታች ከሆነ ደህና ነው፤ ከ5.7 እስከ 6.4 የማስጠንቀቂያ ደረጃ ነው፤ 6.5 እና ከዚያ በላይ የስኳር በሽታን ያመለክታል። በማስጠንቀቂያው ደረጃ ላይ ላለ ሰው ገበታን ማስተካከልና በየቀኑ ግማሽ ሰዓት መራመድ በሽታውን ሊያዘገየው ወይም ሊያስቀረው ይችላል። ለዚህ የሚሆነውን ምግብ ማብሰል እናቶች ከጥንት ጀምሮ ያውቁበታል፤ የልጅ ልጆችም ከኮላው ይልቅ ሽሮውን የሚለምዱት በቤት ሲያዩት ነው።